ዘውድ ያለው ክንፍ

እና በጉን ደግሞ መለሱት፣ ስንቴ ይሸጣል ይሄ በግ፣ ገዝተው ይመልሱታል፣ ገዝተው ይመልሱታል፣ ልማዱ ነው፣ በስለት የገባውን ነገር ተጫርተህ ታሸንፍና መልሼ ለሚካኤል ሰጥቻለሁ ትላለህ፣ እልልታ፣ እንደገና ለጨረታ ይቀርባል፣ እንደገና እልልታ፣ በጉ ራሱ ሰልችቶት አንገቱን ደፍቷል፣ እኔ ግን ዓይኔ በጉ ላይ አይደለም፣ መሪጌታ ወልደኢየሱስ እግር ስር የተነጠፈው ሰሌን ላይ ነው፣ ጧፍ፣ የማር ቆርቆሮ፣ የተጠቀለለ መጋረጃ፣ አዲስ ድባብ፣ ከዚያ ሁሉ መሀል ጥግ ላይ አንዲት ነገር፣ ማንም አላያትም፣ እኔ አይቻታለሁ። ክንፍ።

የአየር ወለድ ክንፍ። ከአውሮፕላን ዘሎ በጃንጥላ ለወረደ ወታደር ብቻ የምትሰጥ፣ ደረት ላይ የምትሰካ፣ መሀሏ የተዘረጋ ጃንጥላ፣ ግራና ቀኝ ክንፍ። ቤቴ ቁም ሳጥን ውስጥ የብርድ ልብስ ቁራጭ ላይ የደረደርኳቸው አሉኝ፣ ኮከብ ያላቸው የደርግ ጊዜዎቹ፣ አንዲት ሰማያዊ የሩሲያ፣ አንድ ፈረንሳዊ ቱሪስት በጎራዴ አፎት የለወጠኝ፣ ዘውድ ያለው ግን የለኝም። የጃንሆይ ጊዜው። ዕድሜ ልኬን ፈልጌ አላገኘሁትም፣ የነበራቸውም አቅልጠውታል ወይ ቀብረውታል፣ ዘውድ ያለበት ነገር ቤት የማይቀመጥበት ዘመን ነበርና። እና አሁን ጠዳ ላይ፣ በኅዳር ሚካኤል፣ ከማር ቆርቆሮ ጎን፣ ጃንጥላዋ አናት ላይ የሚያብለጨልጨው ፀሐይ ነው ወይስ ዘውድ። ዘውድ ነው። ወይኔ። ተረጋጋ ህሩይ፣ አንገትህን አታስግግ፣ ሰው ዓይንህን አይቶ ይጨምርብሃል፣ በጉን እይ፣ በጉን የፈለግህ ምሰል።

አባዬ አየኝ እንዴ። ከጥዱ ስር ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጧል፣ ከዘራውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ወደዚህ አያይም፣ መሬት ነው የሚያየው። ዛሬ ጠዋት ሲነሳም ገርሞኛል፣ አባዬ አዘዞ ካለው ደብሩ ውጭ የትም አይሳለምም፣ ዘንድሮ ግን ጠዳ ሚካኤል አልቀርም አለ፣ ምነው አባዬ እግርህን እያመመህ፣ አልቀርም ብያለሁ፣ ሚኒባስ ውስጥ የነጠላውን ጫፍ ቋጥሮ ይዞ ነበር፣ ጧፍ መስሎኝ ልያዝልህ ብለው የራሴን እኔ እይዛለሁ አለ፣ ከእሱ ጋር ማን ይከራከራል፣ ግንባሩን ካየህ በቃ ነው፣ እንደ ደረሰም ወደ ዕቃ ቤቱ ገባና ብዙ ቆየ። እኔ ውጭ ቆሜ ስለት የሚያስገባውን ሰው ስቆጥር፣ እንግዲህ ያኔ ነው ይሄን ክንፍ ያመጣው ሰው በጎኔ ያለፈው፣ በጎኔ አልፎ አላየሁትም፣ ዕውር።

አሁን ክንፏን ሊያነሳት ነው፣ አይደለም፣ መጋረጃውን። ቶሎ በል መሪጌታ። ለምን እቸኩላለሁ። የባጃጅ መለዋወጫ ስሸጥ ውዬ ስገባ እንኳ እንዲህ አይለኝም፣ ደንበኛ ሞተር ፈንድቶበት እየጮኸ እኔ ዝም ብዬ የማወጣ ሰው፣ አሁን አንዲት ጣት የማታህል ነሐስ እንዲህ ታስቸኩለኛለች። ሕሊና እህቴ ብታየኝ ያ ብረታ ብረትህ አንድ ቀን ይገድልሃል ትለኛለች፣ አምና ሊገድለኝ ነበር እኮ፣ ተይው እሱን፣ አሁን አይደለም።

አባዬ አየር ወለድ ነበር። ነበር ይላሉ። ደብረ ዘይት ሄዷል፣ ሥልጠናውን ጀምሯል፣ እስከዚህ ሁሉም ይስማማል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውንም አዘዞ በሙሉ ያውቀዋል፣ አውሮፕላኑ በር ላይ ቆሞ ቀረ ነው የሚባለው፣ በሩን ግራና ቀኝ ጨብጦ አልዘልም አለ፣ እንደ ሄደ ከነሙሉ ልብሱ ተመለሰ። ማን አወራው ቢባል ራሱ። የሚያሳብደኝ ይሄ ነው፣ ጠላት አላወራበትም፣ ራሱ ነው በገዛ አፉ፣ ልጅ ሆኜ፣ ክንዴ ተሰብሮ ታስሮ፣ ከቤታችን ጣራ የእናቴን ነጠላ ጨብጬ ዘልዬ ነበር የተሰበርኩት፣ አባዬ ክንፍህ የታል አሳየኝ ስለው፣ ክንፍ የለኝም፣ ፈርቼ ቀረሁ፣ ብሎ ጫማውን መስፋቱን ቀጠለ። ሁልጊዜ ራሱ ነው የሚሰፋው፣ ጫማም ቦርሳም ጋቢም፣ ክሩን ድርብ አድርጎ፣ ቋጠሮውን ሰው ወደ ውስጥ ይደብቃል እሱ ወደ ውጭ ያወጣዋል፣ ያላየኸውን ቋጠሮ አትመን ይላል። ያን ቀን ቋጠሮውን እያየሁ ነው የሰማሁት። ፈርቼ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ስሜ በሩ ላይ የቀረው ልጅ ሆነ።

ታዲያ ሰው ለምን ትሰበስባለህ ይለኛል። ምን ልበለው፣ አባቴ ያላገኘውን ከሰው ደረት እለቅማለሁ ልበል? አንዱን ክንፍ ባገኘሁ ቁጥር ገልብጬ አየዋለሁ፣ መርፌው የላላ፣ የክንፉ ጫፍ ያለቀ፣ ይሄ ሰው ዘሏል እላለሁ፣ ይሄም ዘሏል፣ ይሄም፣ ሁሉም ዘለዋል፣ አባቴ ብቻ። የእሱ ዘመን ደግሞ ዘውድ ያለው ነው። እሱን ባገኘው፣ ሌላ ምንም አልሰበስብም፣ ወስጄ መዳፉ ላይ አስቀምጥና ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ፣ ይቺ ናት ያልዘለልክላት? በል ንገረኝ፣ በሩ ላይ ምን አየህ? አንድ ጊዜ እውነቱን ይንገረኝ እንጂ ፈሪም ቢሆን አባቴ ነው። ያን ለመጠየቅ ግን እጄ ላይ ያስፈልገኛል፣ ባዶ እጄን ደፍሬው አላውቅም።

አነሳት። መሪጌታ አነሳት።

ይህ ደግሞ ምንድን ነው ምእመናን፣ ይላል በድምፅ ማጉያው፣ ጠጋ አድርጎ ያያታል፣ ክንፍ ነው! ክንፍ ለባለ ክንፉ፣ ለሊቀ መላእክት ለቅዱስ ሚካኤል፣ ሰው ይስቃል፣ ልጄን ከሞት አፋፍ መልሶልኛል ያሉ አባት ናቸው ያስገቡት፣ ስማቸው እንዲጠራ አልፈቀዱም፣ ስለታቸው የሰመረ ይሁን፣ አሜን በሉ፣ አሜን። የማንም ልጅ ይሁን፣ ዕድለኛ ልጅ ነው፣ አባትየው ግን ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ ያለውን ነገር ከማር ጋር የሚያስቀምጥ፣ በጨርቅ ቁራጭ ላይ ነው የተሰካችው፣ ከዚህ ሆኜ ጨርቁ አይለይም፣ የነሐሱ ቀለም ግን ይለያል፣ ቻይና የሠራው አይደለም፣ ላባዎቹ በእጅ የተሳሉ ናቸው፣ አቤቱ ጌታዬ ማንም አይጫረት፣ ማንም።

እኔ እላለሁ ልጄ፣ እማሆይ አመተ ሥላሴ ናቸው፣ እሳቸው ሁሉንም ይጫረታሉ፣ ለበረከት፣ ከዚያ ይመልሳሉ፣ ችግር የለም። እኔም እጨምራለሁ። ድምፄ ወፍራም ወጣ፣ ጥሩ፣ ግድ እንደሌለው ሰው። እማሆይ ይጨምራሉ፣ እጨምራለሁ፣ እሳቸው ሳቅ ብለው ይተዉልኛል፣ ውሰደው ልጄ ሚካኤል ይቁምልህ፣ አሜን እማሆይ፣ አንድ ጊዜ ይላል መሪጌታ፣ ሁለት ጊዜ፣

በኔ በኩል ጨምሩልኝ።

ከኋላ። ዞር ሳልል አወቅሁት፣ ልዑልቃል፣ ግንቡ አጠገብ አንቲካ የሚሸጠው፣ ጥቁር መነጽር፣ ስልክ ጆሮው ላይ፣ ከማን ጋር እንደሚያወራ አውቃለሁ፣ አዲስ አበባ ያለው ገዢው ነው፣ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ልኮለታል፣ ቀድሞኛል፣ እኔ እዚህ በጉን የማይ ስመስል እሱ ፎቶ አንስቷል። ሞኝ ካመረረ በግ ከበረረ መመለሻ የለውም ይባላል፣ ሞኙም በጉም ዛሬ እዚሁ ናቸው። እጨምራለሁ! አሁን ድምፄ ቀጠነ። ሰው ዞሮ አየኝ። ጨምሩልኝ ይላል ልዑልቃል ቀስ ብሎ፣ ስልኩን በእጁ ከድኖ ወደ እኔ ጠጋ ይልና፣ ብሮ ተወው ባክህ፣ ለኔ ሥራዬ ነው፣ ላንተ እኮ ሱስ ነው፣ ሌላ አመጣልሃለሁ። ሌላ ያመጣልኝ ጊዜማ ቀለሟ በምራቅ የሚለቅ ነበረች። ከሱ ጋር አላወራም። እጨምራለሁ መሪጌታ!

ምእመናን ይሄ ነገር ከበረ፣ ይላል መሪጌታ፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ደስ ብሎታል፣ ክንፍ ያላችሁ ብረሩ! ሳቅ። እኔ አልሳቅሁም። አባዬ ቀና አለ፣ አሁን ነው ቀና ያለው፣ እኔን ያያል፣ ለምን እንዲህ ያየኛል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ቀስ አድርጎ፣ ተው እንደማለት፣ ገንዘብህን አትጨርስ ማለቱ ነው፣ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። አልተውም አባዬ። ላንተ እኮ ነው። ልዑልቃል ይጨምራል፣ እጨምራለሁ፣ ይጨምራል፣ እጨምራለሁ፣ ማር ቆርቆሮው ላይ ንብ አለች፣ ለምንድነው ንቧን የማየው።

አምናም እንዲህ ነበርኩ፣ ደባርቅ ስሄድ፣ አንዲት የወታደር ሚስት ከባሏ የቀረ ክንፍ አላት ብለውኝ፣ አባዬ ደባርቅ ብርድ ነው ብሎ አሮጌ ካፖርቱን አለበሰኝ፣ ከወታደርነቱ የቀረች ብቸኛ ነገር እሷ ናት፣ ለማንም አያውሳትም ነበር፣ ዳባትን አለፍን፣ ጉም፣ ሾፌሩ አጎንብሶ መስታወት ይጠርጋል፣ ዘውድ ያለው ይሆናል ዘውድ ያለው ይሆናል እያልኩ ነበር፣ ከዚያ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ፣ መሬቱ ከላይ ሆነ። ከዚያ ሆስፒታል። ስነቃ የአባዬ ፊት፣ ጢሙ አድጎ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ ሲጸልይ ነበር፣ እና ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል አባዬም ውሃም አይደለም፣ ክንፉስ? ሕሊና እስካሁን ትስቅብኛለች። የደባርቋን ማለቴ ነበር። አባዬ ግን ክው አለ፣ ወንበሩን ይዞ ተነሳ፣ ወጣ፣ እስኪመሽ አልተመለሰም። ልጄ አእምሮው ተነካ ብሎ ነው የደነገጠው አልኩ።

አንድ ጊዜ። ምን? መሪጌታ ነው። ልዑልቃል ስልኩን ያየዋል፣ ሄሎ ሄሎ ይላል፣ መስመሩ ተቋርጦበታል፣ ኔትወርክ፣ ስልኩን ወደ ላይ ያነሳል፣ ሁለት ጊዜ፣ ቆይ መሪጌታ አንዴ ይላል ልዑልቃል፣ ሰውዬው ሳያዝዘው አይጨምርም፣ የራሱ አይደለማ፣ እኔ የራሴ ነው፣ በል መሪጌታ በል፣ ሦስት ጊዜ! እልል! ሸጋ፣ ለወንድማችን፣ ሚካኤል ከፊት ከኋላ ይቁምልህ፣ ና ተቀበል።

እየሄድኩ ነው። ሰው ያሳልፈኛል፣ ጀርባዬን ይመታሉ፣ እንኳን ደስ አለህ፣ በጉ እግሬ ስር ነው፣ እልፈዋለሁ፣ መሪጌታ በሁለት እጁ ይሰጠኛል፣ ቀዝቃዛ ናት፣ ከገመትኩት ትከብዳለች፣ ዘውዱ፣ መስቀሉ ሳይቀር አለ፣ አልተሰበረም፣ አልተፋቀም፣ ማንም አልነካትም፣ አንድም ቀን ደረት ላይ ያልዋለች ትመስላለች፣ ገልብጣት ህሩይ፣ መርፌዋን እይ።

ገለበጥኳት።

ጨርቅ። ቡናማ፣ ባለ ቀጭን መስመር። ገበር ነው፣ የካፖርት ገበር። መርፌዋ በጨርቁ ላይ በክር ታስራለች፣ ክሩ ድርብ ነው። ቋጠሮው ወደ ውጭ።

አይደለም። ስንት ሰው ድርብ ክር ይሰፋል። ስንት ካፖርት አለ። ቋጠሮው ግን፣ ቋጠሮው። ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ የአባዬ ካፖርት ገበሩ በግራ በኩል፣ በልብ በኩል፣ ተቆርጦ ሌላ ጨርቅ ተጥፎበት አይቻለሁ፣ አደጋው ላይ ተቀዶ ነው ብያለሁ፣ አደጋ ደግሞ አራት ማዕዘን አድርጎ አይቆርጥም፣ ይሄንን እንኳ አላሰብኩም። ካፖርቱን ለብሼ እኮ ነበር። ደባርቅ ድረስ ክንፍ ፍለጋ ስሄድ ክንፉ ደረቴ ላይ ነበር። በመኪናው ውስጥ ስገለበጥ አብራኝ ተገልብጣለች። ጠዋት በነጠላ የቋጠረው ጧፍ አልነበረም። ልጄን ከሞት አፋፍ መልሶልኛል ያሉ አባት። ዕድለኛ ልጅ።

ዘሏል። አባቴ ዘሏል።

እንግዲህ ወንድማችን፣ ማጉያው ጆሮዬ ስር ነው፣ ትወስደዋለህ ወይስ ለሚካኤል ትመልሳለህ? ሕዝቡ ይጠብቃል። ሴቶቹ እልልታቸውን አፋቸው ላይ ይዘውታል። ሁሉም ይመልሳል፣ በጉን መልሰዋል፣ ማሩን መልሰዋል፣ እኔ ብወስድ ማንም አይቆጣም፣ ገዝቻለሁ፣ የኔ ናት፣ ብመልሳት ግን አዲስ አበባ ትሄዳለች፣ ልዑልቃል መነጽሩን አውልቆ ያየኛል፣ ኔትወርኩ መጥቶለታል፣ መልስ ብሮ፣ ደብሩ ይጠቀም ይላል፣ ፈገግ ብሎ፣ ያውቃል፣ ከመለስኩ በሚቀጥለው ዙር የሱ ናት፣ እኔ ደግሞ ሁለተኛ አልችልም፣ ባዶ ነኝ። ካልመለስኩ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ናት፣ በመሀሉ፣ የአባቴ ክንፍ፣ ለኔ ነፍስ የተሰጠች፣ ለኔ ነፍስ የተሰጠችን ነገር እኔው በልቼ። መሪጌታ፣ አንዴ ይጠብቁኝ። ወዴት ነህ? መጣሁ።

ከጥዱ ስር፣ አያ ገብረ ኢየሱስ ልጅዎ ነው ይላል አንዱ ሽማግሌ፣ ጠጋ ይሉልኛል። እንበረከካለሁ። መዳፌን እዘረጋለሁ፣ ስንት ዘመን ያሰብኩት ነው እንዲህ መዳፍ ዘርግቼ መጠየቅ።

ገለበጥካት? ይላል አባዬ።

አዎ።

እንግዲያ ዐወቅህ። ምነው ነቀነቅሁልህ እኮ፣ ተው ብዬህ ነበር።

ምነው ዋሸኸኝ አባዬ። አገር ሲስቅብህ ኖሮ። ሲስቁብኝ ኖሮ።

በከዘራው ጫፍ መሬቱን ይጭራል፣ ከዚያ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ያኔ ትዝ ይልሃል ልጆቹ ሁሉ ሲሄዱ፣ ጠብመንጃ የሚበልጣቸው ልጆች፣ የጎረቤቶቻችን፣ ስንቱ ተመለሰ? አንተ ደግሞ የእናትህን ነጠላ ይዘህ ከጣራ ትዘላለህ፣ ክንድህ ተሰብሮ እንኳ ክንፍህን አሳየኝ ትላለህ፣ ባሳይህ ኖሮ በማግስቱ ነበር የምትሄደው። የፈሪ ልጅ ወታደር አይሆንም ብዬ ነው። ደግሞም አልሆንክም። ሰው ቢስቅ ምን አለ፣ ሳቅ አይገድልም።

በሩ ላይ የቀረው ልጅ እየተባልኩ ስጠላው፣ በየገበያው የሰው ክንፍ ስለቅም፣ እሱ ቁም ሳጥኔን ከፍቶ ያይ ነበር፣ አንድ ቀን አይቶ ሸጋ ናቸው ብሎኝ ነበር፣ ሸጋ ናቸው፣ ሌላ ምንም አላለም። ታዲያ አሁን ለምን አወጣኸው? እላለሁ።

አንተ ነህ ያልከኝ። ሆስፒታል። ሚካኤልን ልጄን መልስልኝ እያልኩ ምን እንደምሳልለት ጠፍቶኝ ነበር፣ በሬ የለኝ፣ ገንዘብ የለኝ። ዓይንህን ገለጥክና ክንፉስ አልክ። የደበቅሁትን እናትህ እንኳ ሳታውቅ ነው የሞተችው። ማን ነገረህ? ሚካኤል ነው ባንተ አፍ የጠየቀኝ። ያን ቀን ወጥቼ ተሳልኩ።

የደባርቋን ነበር ያልኩት። የዚያችን ሴት ክንፍ ነበር። ልንገረው? አፌ ላይ ነው። ሚካኤል አይደለም አባዬ፣ እኔ ነኝ፣ ሱሴ ነው፣ ከሞት ስመለስ እንኳ የሰው ክንፍ ነው የጠራሁት፣ አንተን አይደለም። ዓይኑን አየሁት። ዝም አይነቅዝም። ከእሱ ነው የተማርኩት፣ ዛሬ ገባኝ።

ወንድማችን! ማጉያው ነው። ሕዝቡ ቆሟል!

ከመለስኳት ልዑልቃል ይወስዳታል አባዬ፣ እላለሁ፣ ይሸጣታል፣ ከዚያ ማንም አያገኛትም። ይውሰዳት፣ ይላል፣ እኔ የሰጠሁት ለሚካኤል ነው፣ ሚካኤል ለማን እንደሚሰጥ አልጠይቀውም። አንተ ግን የነፍስህን ዋጋ ተሸክመህ ቤቴ አትግባ። ያ ግንባር። ከዚያ ቀስ ብሎ ጣቱን ዘረጋ፣ ዘውዱን ነካው፣ አንድ ጊዜ፣ አቧራ እንደሚጠርግ፣ እጁንም መለሰ።

ተነሳሁ። ወደ ማጉያው ያለው መንገድ ስመጣ አጭር ነበር። ክንፏ መዳፌ ውስጥ ሞቃለች። ሮጬ ብወጣስ፣ በአጥሩ በኩል፣ አስፋልቱ ቅርብ ነው፣ ሚኒባስ አይጠፋም፣ አዘዞ፣ ቁም ሳጥን፣ መሀሉ ላይ ባዶ ቦታ ትቼላታለሁ እኮ፣ ስንት ዓመት፣ ማንንም አልሰካሁበትም። ጣቶቼ አልከፈት አሉኝ። መሪጌታ እጁን ዘርግቷል። ልዑልቃል ጉሮሮውን ይጠርጋል። ጣቶቼ። ክፈት ህሩይ። ክፈት።

መልሼ ሰጥቻለሁ። ለሚካኤል። እኔ ነኝ ያልኩት።

እልልታው ጆሮዬን ደፈነው፣ ሚካኤል ዋጋህን ይክፈልህ ይላሉ፣ ከፍሎኛል፣ እማሆይ ራሴን ይስማሉ፣ እንግዲህ ምእመናን ክንፉ ተመልሷል፣ ማነው የሚል፣ እኔ እላለሁ ይላል ልዑልቃል ስልኩ ጆሮው ላይ፣ አልዞርም፣ ወደ ጥዱ፣ አትዙር፣ አንድ ሌላ ድምፅም ጨመረ፣ ማን ነው፣ አትዙር፣ አባዬ ጎን ተቀመጥኩ፣ መሬቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ትከሻዬ ትከሻውን ነክቷል። እጄ ባዶ ነው፣ ባዶ እጄን ጠይቄው አላውቅም።

አባዬ። በሩ ላይ ስትቆም።

እ?

በሩ ላይ ስትቆም ምን ይታያል?

ያየኛል። ከኋላችን አንድ ጊዜ ይላል መሪጌታ፣ አባዬ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ፣ ሁለት እጁን ወደ ጎን ዘረጋ፣ ግራና ቀኝ፣ የማይታይ በር እንደያዘ፣ ነፋሱ ነው፣ ይላል፣ መጀመሪያ ነፋሱ ዓይንህን ያስለቅስሃል፣ የምታለቅስ ይመስላቸዋል፣ ከታች እርሻው ቁርጥራጭ ነው፣ ሐይቁ መስታወት፣ ሁለት ጊዜ ይላል መሪጌታ፣ ከፊቴ የነበረውን አሠልጣኙ በጫማው ገፋው፣ ከሱ በፊት የነበረውንም፣ ይገፉሃል ህሩይ፣ ሁሉንም ይገፋሉ፣ ነውር አይደለም፣ የሰው ልጅ በገዛ ፈቃዱ ወደ ባዶ አይራመድም፣ ሦስት ጊዜ፣ እልልታ፣ ማን ወሰዳት፣ አላየሁም፣ አባዬ የያዘውን በር ለቀቀ፣ እጆቹ ጭኑ ላይ ወደቁ።

እኔን ግን፣ ይላል አባዬ፣ ማንም አልገፋኝም።